በገና የዳዊት ነው ስንል

ዐቢይ ጾም ሲገባ የሬዲዮው ዘፈን ጋብ ይልና በገና ይተካል። ዲላ ላይም እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ በእነዚያ ሳምንታት ከየሱቁና ከየባጃጁ የሚሰማው ያ ወፍራም፣ ነዘር ነዘር የሚል ድምፅ ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከልም በገና ለመማር የሚሹ እየበዙ ነው። ከትምህርቱ ጋር አብሮ የሚነሣ ጥያቄ ግን አለ፤ በገና በእርግጥ ከንጉሥ ዳዊት የወረስነው ነው ወይ? መደርደሩስ ራሱ ጸሎት ነው ወይስ ጸሎትን የሚያጅብ ዜማ?

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሰው ግን ያስኮርፋል። “አዎ፣ የዳዊት ነው” የሚሉት ወገኖች ጥያቄው መነሣቱን ራሱን እንደ ድፍረት ያዩታል። “ማስረጃው የታለ?” የሚሉት ደግሞ በጠየቁ ቁጥር ሃይማኖታቸው የሚጠረጠር ይመስላቸዋል። በሁለቱም በኩል የማከብራቸው ሰዎች አሉ፤ አንዱም ወገን ቃሉን የሚናገረው ለክርክር ብሎ አይደለም። ስለዚህ ወደ የትኛውም ከማዘንበሌ በፊት እያንዳንዱን ነገር በሚገባው ክብደት ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

ትውፊቱ እንዲህ ይላል። በገናን እግዚአብሔር ለዳዊት ሰጠው፤ ዳዊትም በእሱ እያመሰገነ መዝሙሩን ደረሰ፤ ሳኦልን ሲያስጨንቀው የነበረውን ክፉ መንፈስም አራቀበት። በኋላ የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ልጅ ቀዳማዊ ምኒልክ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ከታቦቱና ከሌዋውያኑ ጋር በገናም አብሮ መጣ። ስለዚህ መሣሪያው ላይ ያለ ነገር ሁሉ ምሥጢር አለው። አሥሩ አውታር የዐሥርቱ ቃላት ምሳሌ ነው፤ ሁለቱ ምሰሶዎች የብሉይና የሐዲስ ኪዳን፤ ገበቴው ደግሞ የእመቤታችን። ትርጓሜው ከመምህር መምህር ጥቂት ይለያያል፤ በገና እንጨትና ቆዳ ብቻ አይደለም በሚለው ላይ ግን ሁሉም ይስማማሉ።

ይህን ተረት ነው ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣውና በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በንጉሡ ፊት የሚደረደር ባለ አውታር መሣሪያ አይቶ በዳዊት ስም እንደሚጠራ መዝግቧል። ከእሱ በፊት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ የብራና መጻሕፍት ዳዊትን በገና እንደያዘ ይሥሉታል። እንግዲህ በገናን ከዳዊት ጋር ማያያዝ ሰሞኑን የመጣ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ 500 ዓመት የዘለቀ እምነት ነው። የመሣሪያው ቅርጽም ቢሆን ጥንታዊነቱን የሚቃረን አይደለም። እንደ በገና ሳጥን መሰል ገበቴ፣ ሁለት ምሰሶና አንድ ቀንበር ያላቸው መሣሪያዎች በመካከለኛው ምሥራቅ ከዳዊትም በፊት ነበሩ፤ በሜሶጶጣምያ በዑር መቃብሮች የተገኙት ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ የተሠሩ ናቸው። በገና ከዚያ ቤተሰብ መሆኑን ተጠራጣሪዎቹም አይክዱም።

የትውፊቱ ጥቅም ግን ከታሪክ ማስረጃነትም ያለፈ ነው። በገና የዳዊት ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ መሣሪያውን እንደ ማንኛውም ዕቃ አያነሣም፣ አያስቀምጥም። ከመደርደሩ በፊት ያማትባል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ መጠጥ ቤት ይዞት አይገባም። ጣት ብቻ ሳይሆን ጠባይም አብሮ ይሠለጥናል። ይህ ሥርዓት የቆመበት መሠረት የዘር ሐረጉ ከሆነ፣ ያንን መነካካት ምን እንደሚያናጋ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ይሁን እንጂ በዚህ በኩል ያለው ችግርም ቀላል አይደለም። ከዳዊት ዘመን እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ 2400 ዓመት ገደማ አለ። ተመራማሪዎች እንደ ቀደምት ማስረጃ በብዛት የሚጠቅሷቸው ሥዕሎች የዚያ ረጅም ዘመን መጨረሻ ላይ የተሣሉ ናቸው። ሥዕል ደግሞ የሚመሰክረው በአብዛኛው ስለ ሠዓሊው ዘመን ነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎችም በመካከለኛው ዘመን ዳዊትን ሲሥሉ በየአገራቸው የሚያውቁትን መሣሪያ አስይዘውታል፤ የእኛው ሠዓሊም የሚያውቀውን በገና ቢያስይዘው አይገርምም። የምኒልክን ታሪክ የያዘው ክብረ ነገሥትም አሁን ባለው መልኩ የተጠናቀረው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይናገራሉ። ይህ ሁሉ ትውፊቱ ሐሰት ነው አያሰኝም። “ይህ በታሪክ የተረጋገጠ ነው” ብሎ ለተማሪ መናገርን ግን ያስቸግራል።

ወደ ሁለተኛው ወገን ስንመጣ፣ የእነሱ ሙግት ከዘመን ቆጠራ ይልቅ አገልግሎቱ ላይ ይበረታል። በገና ከቤተ ክርስቲያን ጋር እንዲህ የተቆራኘ ከሆነ ለምን በቅዳሴም በማኅሌትም ቦታ የለውም? ማኅሌቱ የሚቆመው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው። በገና ግን በግቢው፣ በአዳራሹ፣ በቤት ውስጥ ነው የሚደረደር። አልቫሬዝም መሣሪያውን ያየው በንጉሥ ፊት ነው። ከዚያ ወዲህም በገና የመኳንንት ቤት መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ምኒልክም ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። ቅኝቱም ቢሆን ትዝታና አንቺሆዬ ነው፤ ክራርም የሚቃኘው በእነዚሁ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በገና በመጀመሪያ ትልልቅ ሰዎች ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ሞት የሚያስቡበት የቤት ዜማ ነበረ፣ ወደ ጸሎትነቱ ብቻ ያጠበበው ደግሞ የኋላ ዘመን ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

የቅርቡ ታሪክም ለዚህ ግምት የተወሰነ ድጋፍ ይሰጣል። ዛሬ በበገና ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው እንጦጦ ላይ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው የተማሩት፤ ያስተማሩት ግን በደብር ውስጥ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ፒያኖና ቫዮሊን በሚሰጥበት ግቢ፣ በገናን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አስተምረዋል። በደርግ ዘመን ትምህርቱ ቀረ። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ በገና ሲያንሠራራ በአብዛኛው የተሸከሙት የሰንበት ትምህርት ቤቶችና መንፈሳዊ ማኅበራት ናቸው። ያዳነው ማን እንደሆነ የዛሬ መልኩን መወሰኑ የሚጠበቅ ነው። ይህን መናገር እነሱን መውቀስ አይደለም፤ ያለ እነሱ ዛሬ የምንከራከርበት በገና ላይኖር ይችል ነበር።

የተመራማሪዎቹ አካሄድ ግን የራሱ ጉድለት አለው። ከቅዳሴ ውጭ መሆን ከጸሎት ውጭ መሆን አይደለም። መቁጠሪያም በቅዳሴ መካከል አገልግሎት የለውም፤ ሆኖም የጸሎት ዕቃ አይደለም የሚል የለም። መኳንንቱ መደርደራቸውም ጸሎትነቱን አያስቀርም፤ በጾም ጊዜ እልፍኝ ዘግቶ በገና ሲደረድር ያመሸ ራስ ወይም ደጃዝማች ምን እያደረገ እንደነበር ከውጭ ሆኖ መፍረድ ያስቸግራል። ማስረጃ አልተገኘም ማለትና ነገሩ አልነበረም ማለትም ይለያያሉ።

ለዚህ ደግሞ ከዲላ ሳንርቅ ምሳሌ አለን። በጌዴኦ ምድር ከ10,000 በላይ የሚገመቱ ትክል ድንጋዮች አሉ። ዕድሜያቸው ለብዙ ጊዜ በመካከለኛው ዘመን ሲገመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የቁፋሮ ጥናት ሳካሮ ሶዶ ላይ ያሉት የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የቆሙ መሆናቸውን አሳየ። ዘመናቸው በአንድ ጊዜ ወደ 1000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ በፊት “እነዚህ ድንጋዮች እጅግ ጥንታዊ ናቸው” ያለ ሽማግሌ፣ በእጁ ማስረጃ ባይኖረውም፣ ከሊቁ ይልቅ ለእውነቱ ቀርቦ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ይህንንም በልኩ ነው መያዝ ያለብን። ለድንጋዮቹ ዕድሜ የጨመረላቸው ቁፋሮ እንጂ ወግ አይደለም፤ እንጨት፣ ቆዳና አንጀት ደግሞ እንደ ድንጋይ 2000 ዓመት አይጠብቁንም። ለበገና እንዲህ ያለ ምስክር ይገኛል ብሎ መጠበቅ ምናልባት ከንቱ ተስፋ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሙግት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ማወቁ ያረጋጋል። ጃፓኖች ሻኩሃቺ የሚሉት የቀርከሃ ዋሽንት አላቸው። የእኛ ዋሽንት አራት ቀዳዳ ሲኖረው የእነሱ አምስት ነው፤ አራቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የእኛው በእረኛ እጅ ሲያድግ የእነሱ ግን ኮሙሶ በሚባሉ መነኮሳት እጅ ገባ። ኮሙሶዎቹ ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ከቅርጫት የተሠራ ባርኔጣ ደፍተው፣ እየነፉ ምጽዋት እየለመኑ ይዞሩ ነበር። የተደራጁትም ፉኬ በተባለ የዜን ክፍል ሥር ነው። ዜን በጸጥታ ተቀምጦ ልቡናን መሰብሰብን የሚያስቀድም የቡድሃ እምነት ዘርፍ ነው፤ ኮሙሶዎቹ ግን በመቀመጥ ፈንታ በመንፋት፣ በትንፋሽ፣ ወደዚያው እንደርሳለን ይሉ ነበር።

የዘር ሐረጋቸውም ከእኛው ጋር የሚመሳሰል ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቻይና ውስጥ ፉኬ የሚባል ደወል እያቃጨለ የሚዞር መነኩሴ ነበረ፤ የደወሉን ድምፅ አንድ ሰው በዋሽንት ቀረጸው፤ ዜማው ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካኩሺን የተባለ ጃፓናዊ መነኩሴ ቻይና ሄዶ ተምሮት አገሩ አገባው ይላሉ። ይህን የሚተርከው ኪዮታኩ ዴንኪ የተባለ መጽሐፍ የታተመው ግን በ1795 ነው። ከዚህም ሌላ ገዥው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ በ1614 ለኮሙሶዎች ሰጠው የተባለ የመብት ደብዳቤ ነበራቸው። ናካትሱካ ቺኩዜን የተባለ ራሱ የሻኩሃቺ ሰው በ1930ዎቹ እነዚህን ታሪኮች አንድ በአንድ መርምሮ ብዙውን ጣለው። ዛሬ ደብዳቤው የተጭበረበረ፣ የዘር ሐረጉም በኋላ የተቀናበረ ነው የሚለው ሐሳብ በታሪክ ሰዎች ዘንድ ያመዝናል።

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው የደብዳቤው ጉዳይ ነው። ያ ወረቀት እንዲሁ ለክብር ተብሎ የተያዘ አልነበረም። ኮሙሶዎች በየኬላው እንዲያልፉ ያስችላቸው ነበር፤ ዋሽንቱም በሕግ የእነሱ ብቻ ነው እንዲሉ አስችሏቸዋል። ሌላው ሰው እንዳይነፋ የተከለከለው በዚህ ታሪክ ስም ነው። እንግዲህ ያልተጣራ ታሪክ ማንንም አይጎዳም የሚለው አስተያየት ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ አንዳንዴ ሌላውን ከደጅ ያስቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ በ1871 የሜጂ መንግሥት የፉኬን ክፍል ሲያፈርስ ዜማዎቹ አልጠፉም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኩሮሳዋ ኪንኮ ከየገዳሙ እየዞረ የሰበሰባቸው ከ30 በላይ ዜማዎች ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር መተላለፋቸውን ቀጠሉ፤ ኪዮቶ ውስጥ ሚዮአንጂ በተባለው ገዳም ዙሪያም የጸሎቱ ወገን እንደገና ተሰበሰበ። ዛሬ ስለ 1795ቱ መጽሐፍ አጠራጣሪነት እያወቁ በዚያው ዋሽንት በጥሞና የሚቀመጡ ብዙዎች ናቸው። ለእነሱ የታሪኩ መናጋት ጥሞናውን እውነትነቱን አላሳጣውም።

ንጽጽሩን ግን ከልክ በላይ መለጠጥ አይገባም። በገና ላይ የተጭበረበረ ወረቀት ያወጣ የለም፤ ያለን በቃል የወረደ ትውፊት ነው፤ በቅን ልቡና የተላለፈ ነገር ከሐሰት ደብዳቤ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። የበገናን ባለቤትነት በአዋጅ የያዘ ክፍልም አልነበረም። ከጃፓን የምንወስደው፣ እኔ እንደማየው፣ አንድ ነገር ነው። “ከየት መጣ?” እና “ሲደረደር ምን ይሆናል?” የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የሚደረድር ሰው አጠገብ መቀመጥ ይጠቅማል። መምህሩ መጀመሪያ የሚያደርጉት መቃኘት አይደለም፤ እንዚራውን ማስተካከል ነው። እንዚራ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት። መምህሩ በጥፍራቸው ትንሽ ወደ ላይ ገፋ፣ ትንሽ ወደ ታች ሳብ ያደርጓታል፤ አውታሩን ይነካሉ፤ ያዳምጣሉ። ቦታዋን ስትስት ድምፁ እንደ ክራር ደረቅ ይላል። ቦታዋን ስትይዝ ያው አውታር መንዘር ይጀምራል፤ ድምፁ ይወፍርና ከደረት የሚወጣ ይመስላል። ይህ ለእያንዳንዱ አውታር ይደገማል። ችኩል ተማሪ እዚህ ላይ ይሰለቻል፤ የማይሰለቸው ግን አንድም ቃል ሳይዘምር ልቡ ተሰብስቦ ይገኛል።

ከዚያ በግራ እጅ ድርደራው ይጀምራል። አሥር አውታር አለ ብንልም በጣት የሚደረድሩት በአብዛኛው የሚነኩት ስድስት ያህሉን ነው፤ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ናቸው። ድኅንጻ በሚባለው መምቻ የሚመቱት ደግሞ አሥሩንም ያሰማሉ። ይህችን ትንሽ ነገር ሁለቱም ወገን ለየራሱ ሲጠቅሳት ሰምቻለሁ። ተጠራጣሪው “ስድስት የሚበቃ ከሆነ አሥር መሆኑ ለዐሥርቱ ቃላት ምሳሌነት ተብሎ ነው ማለት ነው” ይላል። የትውፊቱ ሰው ደግሞ “ጥቅም ሳይጠይቁ አሥሩን ጠብቀው ማቆየታቸው ራሱ የተቀበሉትን እንዳልነኩ ያሳያል” ይላል። ሁለቱም አባባል የማይናቅ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው፤ ዝም ያሉት አውታሮች ባይኖሩ የሚናገሩትን የሚነካው ጣት ማረፊያ ያጣ ነበር።

ዝማሬውም ከንግግር ብዙ አይርቅም፤ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ቃሉ ይደጋገማል፣ ሰሙ ስለ ዕለት ኑሮ ሲያወራ ወርቁ ስለ ሞትና ስለ ንስሐ ይናገራል። ይህን እያዩ ጸሎት አይደለም ማለት ለእኔ ያስቸግረኛል። ነገር ግን ያው ሰው፣ በዚያው መሣሪያ፣ ያንኑ ድርደራ በመድረክ ላይ በመብራትና በማጉያ ፊት ሲያሰማ ጸሎት ነው ለማለትም ያን ያህል አልደፍርም። አንዳንዶች በዚያም ልባቸው አይበተንም ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ብቻውን ጸሎት የሚያደርገው ቢሆን ግን ይህ ጥርጣሬ ባልተነሣ ነበር።

ዲላ ላይ ይህ ሁሉ ሌላ ገጽታ ይጨመርበታል። የጌዴኦ ዞን ሕዝብ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ የቀደመውን የማጌኖ እምነት የያዘውም በአንድ ገበያ ይገበያያል። እንዲህ ባለ ከተማ “በገና የአገር ቅርስ ነው” ሲባልና “በገና የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው” ሲባል የሚሰሙት ጆሮዎች የተለያዩ ናቸው። ቅርስ ነው ካልን፣ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማር አንድ የፕሮቴስታንት ልጅ ሊማረው ቢፈልግ የምንከለክልበት ምክንያት አይኖርም። ጸሎት ነው ካልን ደግሞ፣ የጾሙን መዝሙር ከጾሙ ለይቶ በባህል ምሽት ላይ ማሰማት ለምእመኑ የሚያም ነገር ነው። ሁለቱም ስሜት እውነተኛ ነው፤ አንዱን ለማስደሰት ሌላውን ማሳነስ አያስፈልግም።

ጌዴኦዎች ራሳቸው ይህን አጣብቂኝ በደራሮ ያውቁታል። ደራሮ ማጌኖ ለሚሉት አምላክ ምስጋና የሚቀርብበት በዓል ነው፤ አባ ገዳው ይመርቃል፣ ሶንጎ የሚሉት የመሰብሰቢያ ስፍራም የተከበረ ነው። በአደባባይ ሲከበር ግን የዞኑ የባህል መታወቂያም ነው፤ የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የውጭ እንግዳም ያየዋል። ክርስቲያን የሆነ የጌዴኦ ተወላጅ እዚያ ሲቆም እያመሰገነ ነው ወይስ ባህሉን እያከበረ? አንዳንዱ ያለ ጭንቀት ይቆማል፣ አንዳንዱ ራቅ ብሎ ያያል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይሄድም። ስለ በገና የሚቆረቆረው ኦርቶዶክሳዊ ወንድማችን የደራሮን ሰው ስጋት ሊረዳ የሚችለው ምናልባት ከሁላችንም በተሻለ ነው። “ጸሎቴን ትርኢት አታድርጉብኝ” የሚለው ልመና በሁለቱም በኩል አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ መካከለኛው መንገድ የማዘነብለው ይህን ሁሉ ካስቀመጥሁ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ዋጋ እንደሚያስከፍል ሳልዘነጋ። በመጀመሪያው የትምህርት ቀን መምህሩ “አባቶቻችን ከዳዊት የወረስነው ነው ይላሉ፤ በብራና ላይ የምናውቃቸው ቀደምት ሥዕሎች ግን የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው” ብለው ሁለቱንም ቢናገሩ የሚጎዳ ነገር አይታየኝም። የትውፊቱ ሰዎች እንዲህ ያለው አነጋገር በልጁ ልብ ጥርጥር ይዘራል ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው ባዶ አይደለም። ነገር ግን ልጁ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከባዕድ አፍ ከሚሰማ ከመምህሩ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ተመራማሪዎቹ ደግሞ “ይላሉ” ማለት ማድበስበስ ነው፣ በግልጽ አልተረጋገጠም በሉ ይሉ ይሆናል። እነሱም ቢሆኑ ሳካሮ ሶዶን ቢያስቡ ጥሩ ነው።

ቦታውን በተመለከተ በገና ከመጠጥ ቤት ይራቅ በሚለው ላይ ሁለቱም ወገን ብዙ አይለያዩም፤ ክርክሩ አዳራሹ ላይ ነው። እዚያ ድርደራውን፣ አሠራሩን፣ ቅኝቱን ለማንም እምነት ተከታይ ማስተማርና ማሰማት፣ የጾሙንና የሰቆቃውን መዝሙር ደግሞ ለግቢውና ለጾሙ መተው የሚቻል ይመስለኛል። ድንበሩ አንዳንዴ ይደበዝዛል፤ ደብዝዞም የሚያከራክር ቀን ይመጣል። ያኔ የሚወስኑት የሚደረድሩት ሰዎች ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ከውጭ የሚፈርድ ኮሚቴ፣ መንፈሳዊም ሆነ የባህል፣ የኮሙሶዎቹን ወረቀት እንዳይጽፍ ያስፈራኛል።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለቱንም ወገን በአንድነት የሚያሠራ ነገር አለ። ከዳዊት እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያለውን ሐረግ ዛሬ ማንም ሊጽፈው አይችልም፤ ከእኛ ወደ ኋላ ያለው ግን ይጻፋል። እያንዳንዱ የዲላ ተማሪ መምህሩን “እርስዎን ማን አስተማረዎ? እሳቸውንስ?” ብሎ ይጠይቅ፤ ስሙን፣ አገሩን፣ በየትኛው ቅኝት ይደረድሩ እንደነበር፣ በጣት ነበር ወይስ በድኅንጻ፣ ስንቱን አውታር ይነኩ እንደነበር፣ እንዚራውን ከምን ቆዳ ይቆርጡ እንደነበር ደብተሩ ላይ ያስፍር። የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ ሐረግ ወደ አለቃ ተሰማ፣ ከእሳቸውም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስማቸው በሬዲዮ ያልተነገረ ደርዳሪዎችም እንዲሁ የራሳቸው ሐረግ አላቸው። ከእነዚህ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፤ ሥራው ቶሎ ካልተያዘ የሚጠየቅ ሰው ይታጣል።